የስቅለት ዕለት ደወል

ኤቫሪስት ላሮንድ በስቅለት ማለዳ መንደሩን የሚቀሰቅሰው በእንጨት ነበር። ከጸሎተ ሐሙስ ቅዳሴ አንስቶ እስከ ቅዳሜ ማታ ደወል አይነካም፤ ገመዱ ወደ ላይ ተጠቅልሎ በሐምራዊ ጨርቅ ይታሰርና የደወል ቤቱ በር ይቆለፋል። ልጆች ደወሉ የት ሄደ ብለው ሲጠይቁ ሮም ሄዷል ይባላሉ። በእነዚያ ቀናት ሰውን ለጸሎት የሚጠራው ኤቫሪስት ራሱ ነው። በጠፍር የተያያዙ ሁለት ጣውላዎችን እያጋጨ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እስከ ድልድዩ ይወርዳል፣ ከድልድዩም እስከ ጀልባዎቹ ማረፊያ ይዘልቃል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ አድርጓል። ዘንድሮ ግን በየእርምጃው ወደ ባሕሩ ይዞር ነበር።

ልጁ ዠርቬ ከባሕር አልተመለሰም።

የወጣው ሐሙስ ጠዋት ነበር፣ ከባልንጀራው ከሂልሮይ ጋር። በስቅለት ሥጋ የሚቀምስ ሰው ስለሌለ በዋዜማው ሐሙስ ዓሣ ይዞ የመጣን አጥማጅ ሴቶቹ ገና ጀልባው አሸዋ ሳይነካ ይከቡታል። በዘጠኝ ሰዓት እንመለሳለን ብለው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናብ ወረደ፤ ከተራራው ጉም ተከትሎት መጣና ባሕሩን ድፍን አደረገው። ማታ ከቅዳሴ ሲወጣ ሰዉ እርስ በርሱ ተጽናና፤ ወደ ሜቶዲስት ፕሮቴስታንቶቹ መንደር ወደ ሆፕ ቤይ ገብተው ይሆናል፣ እዚያ አድረው ጠዋት በእግራቸው ይመጣሉ ተባለ። ሆፕ ቤይ ከእኛ በስተደቡብ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት፤ ከዚህ በፊትም ስንት ሰው እዚያ አድሮ መጥቷል። ነጋ፤ በእግሩ የመጣ ግን የለም። ጉሙም እንደ ተኛ ነው።

ያን ቀን በደሴቲቱ ላይ የሚከፈት በር አልነበረም። ፖስታ ቤቱ ዝግ፣ ትምህርት ቤቱ ዝግ፣ የአረቄ መሸጫው እንኳ መዝጊያው ላይ ሳንቃ ተጋድሞበታል። ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ተረኛ የነበረው አንድ ወጣት ኮንስታብል የስልኩን እጀታ ይዞ ተቀምጦ ነበር። የመንግሥት ሞተር ጀልባ ያለው ዋና ከተማው ነው፤ ስልኩ እዚያ ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ የሚያነሣው የለም። በዓል ነዋ። መንግሥት በበኩሉ ዘግቷል፣ እግዚአብሔርም በበኩሉ ዘግቷል፤ መሐል ላይ ሁለት ሰዎች ውሃ ላይ ናቸው።

ጀልባ ማረፊያው ላይ ደግሞ ወንዶቹ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ቆመዋል። በስቅለት ጀልባ ባሕር ላይ አይወርድም። ያን ቀን ባሕር የገባ ሰው ዓሣ ሆኖ ይቀራል እየተባለ ያደጉ ናቸው፤ አምስት ልጆች ወልደው፣ ፂማቸው ሸብቶ፣ አሁንም ውስጣቸው ያምነዋል። ከመካከላቸው ዠርቬን የማይወድ አልነበረም። ጀልባ የነካ ግን አልነበረም። አንዱ ለኤቫሪስት እንደ ማስተዛዘኛ ሲነግረው፣ ብንገባስ በዚህ ጉም በምን እንመለሳለን፣ ደወል የለ ነገር አለው። ከዚያ ምን እንዳለ ገባውና አንገቱን ደፋ።

ነገሩ ያ ነው። መንደራችን ፊት ለፊት ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አለት አለ፤ ጀልባ የሚያሳልፈው በአንዲት አፍ ብቻ ነው፣ ስፋቷም ሁለት ጀልባ ጎን ለጎን አያሳልፍም። ቤተ ክርስቲያኑን የሠሩት አሮጌዎቹ ቄሶች ብልሆች ነበሩ፤ ልክ ከዚያች አፍ ትይዩ አድርገው ሠሩት። ሰማዩ ጥርት ሲል አጥማጁ መስቀሉን አይቶ ይገባል። ጉም ሲወርድ ኤቫሪስት ይደውላል፤ አጥማጁ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ድምፁ አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖም ቢሆን፣ በአፏ ሾልኮ ይገባል። ስንት ነፍስ በዚያ ገመድ ተስቦ ወጥቷል። ኤቫሪስትም ይህን ያውቃል፣ መታወቁንም ይወደዋል። በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ገመዱ አይነካም።

ሮዜት፣ የዠርቬ ሚስት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣች። ሁለቱን ልጆቿን ጎረቤት ጋ ጥላ ነው የመጣችው፤ ፀጉሯ እንኳ አልተሸፈነም። አማቷ በሐምራዊ ጨርቅ ከተሸፈኑት የቅዱሳን ሐውልቶች ሥር ያልተዛባውን ምንጣፍ ሲያስተካክል አገኘችው።

«ፓ፣ ይደውሉላቸው» አለችው፤ አባት ለማለት ወጣቱ ሁሉ ፓ ነበር የሚለው።

ካህኑ በዘጠኝ ሰዓት ለስቅለቱ ጸሎት ይመጣሉ፣ ያኔ እጠይቃቸዋለሁ አላት። አባ ፖል ሦስት መንደር ነበር የሚያገለግሉት፤ ያን ጠዋት ከተራራው ማዶ ነበሩ።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት?»

«ሮዜት፣ ቀኑን ታውቂዋለሽ።»

«ቀኑንስ አውቀዋለሁ» አለች። «እርስዎ ልጅዎን ያውቁታል ወይ?»

መልስ አልጠበቀችም። ወደ ባሕሩ ዳር ወረደች። ኤቫሪስት ኪሱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ጨበጠው፣ ለቀቀው፣ መልሶ ጨበጠው።

ላለመደወሉ ሰው የሚያውቀው አንድ ምክንያት ነበር፤ ሰው የማያውቀው ደግሞ ሌላ። ሰው የሚያውቀው ይህ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ልክ በዚህ ቀን፣ ልክ እንዲህ ባለ ጉም፣ ኦክታቭ የሚባል አጥማጅ ውጭ ቀርቶ ነበር። ሚስቱ አልፎንሳ ከጠዋት እስከ ማታ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቆማ ለመነችው። ኤቫሪስት ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይዞ ቀኑ ቀን ነው አላት። ቅዳሜ የጀልባው ስባሪ ተገኘ፣ ሰኞ ኦክታቭ ራሱ። በለቅሶው ላይ ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ፤ አንዳንዱ ጀርባውን ያዞርበት ጀመር። ያኔ ኤቫሪስት ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሁሉም እየሰማ ተናገረ። የእግዚአብሔር ሥርዓት ለኦክታቭ አንድ ለእኔ ሌላ አይደለም አለ፤ ነገ የገዛ ልጄ ዠርቬ እዚያ ጉም ውስጥ ቢሆን፣ ቢሞትም እንኳ፣ በስቅለት ደወል አልነካም አለ። ዠርቬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው ያኔ። አባቱን አየው፣ ከዚያ መሬቱን አየ።

ሰዉ ይህን ሲሰማ ማጉረምረሙን ተወ። እንዲያውም አከበረው። ለራሱ ልጅ የማያዳላ ሰው ከየት ይገኛል ተባለ፤ ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ባርኔጣ ያነሡለት ጀመር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የኤቫሪስት ቃል ግን አፋፉንም አልፎ የመንደሩ ንብረት ሆነ። ልጆች ሲጣሉ እንኳ «ፓ ኤቫሪስት በስቅለት ከደወለ እኔም እመልስልሃለሁ» ይባባሉ ነበር፤ በጭራሽ ለማለት።

ሰው የማያውቀው ይህ ነው። ከኦክታቭ ቀብር በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ኤቫሪስት ነገሩን ለአባ ፖል ነገራቸው። ምስጋና ጠብቆ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። አባ ፖል ቅዳሴ ጨርሰው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ኤቫሪስት፣ ይኼ እኮ ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም አሉት፤ ሰው ሊሞት ከሆነ ደውል፣ እግዚአብሔር በደወል አይቀየምም፣ ለሌላ ጊዜ እወቀው። ፎጣውን ሰቀሉ፣ ቦርሳቸውን አንሥተው ሄዱ። ኤቫሪስት እዚያ ክፍል ውስጥ ብዙ ቆመ። ለማንም አልተናገረም። ስድስት ዓመት ሙሉ ባርኔጣ ሲነሣለት ራሱን እየነቀነቀ አለፈ።

አልፎንሳ ግን ባርኔጣ ባይኖራትም የራሷ አካሄድ ነበራት። ከኤቫሪስት ጋር አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ አግዳሚ ላይ ነበር የተማሩት፤ ሕፃናት ሳሉ ጀምሮ ቫቫ ነበር የምትለው፤ ካገባችም በኋላ ቫቫ። ከኦክታቭ ሞት ወዲህ ሚስተር ላሮንድ ሆነ። አልሰደበችውም፣ አላኮረፈችውም፣ ሰላምታዋን አልነፈገችውም፤ ሚስተር ላሮንድ እንዴት አደሩ ብላ ታልፋለች። በየዓመቱ በስቅለት ከጠዋት እስከ ማታ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። መንደሩ መንፈሳዊነቷን ያደንቃል። ኤቫሪስት ግን የትኛው ደረጃ ላይ እንደምትቀመጥ ያውቃል። ሦስተኛው ነው፣ ያን ቀን ቆማ የለመነችበት።

ያን ጠዋትም መጣች፤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ሚስተር ላሮንድ እንዴት አደሩ አለችው። ስለ ዠርቬ አንዳች አላነሣችም። ይደውሉም አይደውሉም አላለችም። ለኤቫሪስት ይህ ከልመናም ከእርግማንም የባሰ ነበር። የደወል ቤቱ በር ከእሷ ዐሥር እርምጃ አይርቅም፤ ቁልፉን ባወጣ እሷ ዓይን ሥር ነው የሚያወጣው። ለልጁ ከደወለ፣ ያኔ ለባሏ መደወል ይችል ነበር ማለት ነው። ይህን ደግሞ ከእሷ በቀር መላው መንደር ይቅር ሊለው ይችል ይሆናል።

ስለዚህ ሥራ ፈጠረ። መቅረዝ ወለወለ፤ የተወለወለውን መልሶ ወለወለ። የመስቀሉን ጸሎት መጻሕፍት ቆጥሮ አግዳሚዎቹ ላይ አስቀመጠ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን ያውቃል፤ ለሌላ ሰው ሲመክር ስንቴ ተናግሮታል። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሰዓት ሆነ። በየደቂቃው ወደ መስኮቱ እየሄደ ጉሙን ያያል፤ ምናልባት ጉሙ ራሱ ይነሣና ከዚህ ፍርድ ያድነኛል ብሎ ነበር የሚጠብቀው። ጉም ደግሞ የሰውን ልብ አይቶ አይነሣም።

መንደሩ ውስጥ በዓሉ እንደ ወጉ ቀጥሏል። ከየቤቱ በሊጥ ተለብጦ የሚጠበሰው የጨው ዓሣ፣ የአክራ ሽታ ይመጣል። ጎረምሶቹ ቢላ ይዘው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለችውን ዛፍ ከበዋል፤ በስቅለት ቀትር ላይ ከተቆረጠች ደም ታነባለች ይባላል፣ ቀትርን እየጠበቁ ነው። ሮዜት ልጆቿን ጥላ የሄደችባት ጎረቤት ደግሞ የእንቁላል ነጭ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጥላ መስኮት ላይ አስቀምጣለች፤ ቀትር ላይ ነጩ መልክ ይይዛል፣ የዓመቱን ዕጣ ያሳያል። ጀልባ ከሆነ መንገድ፣ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ሠርግ፤ ሣጥን ከሆነ ሬሳ። ሮዜት ልጆቿን ልታይ ስትገባ ብርጭቆውን አየችው። ምን ዓይነት ቅርጽ እንደ ያዘ አልተመለከተችም። አንሥታ በመስኮቱ ደፋችው፣ ብርጭቆውን አጠበችው፣ ቦታው መለሰችው።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ኤቫሪስት ከቤተ ክርስቲያኑ ወጣና አልፎንሳ አጠገብ ቆመ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ መቀመጥ አልደፈረም። አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ።

«አልፎንሳ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።»

«ይንገሩኝ ሚስተር ላሮንድ።»

ነገራት። አባ ፖል ያሉትን ቃል በቃል ነገራት፤ ፎጣውን እንዴት እንደ ሰቀሉ እንኳ አልቀረም። ሲናገር ዓይኑ ጫማው ላይ ነበር። ሲጨርስ የመቁጠሪያዋ ድምፅ መቆሙን ሰማ።

«መቼ ነው ይህን ያሉህ?»

«ከቀብሩ በኋላ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ።»

«ስድስት ዓመት።»

«አዎ።»

አልፎንሳ ወደ ጉሙ አየች። ኤቫሪስት በጥፊ ብትመታው በወደደ ነበር፤ እንዲያውም ፊቱን ትንሽ ወደ እሷ አዞረላት።

«እኔ ሞኝ» አለች በመጨረሻ፤ «ይኼን ሁሉ ጊዜ የተጣላሁት ከእግዚአብሔር ጋር ነበር።»

ከዚያ ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች። «በል ተነሥ፣ ቫቫ» አለችው፤ «ቁልፉን አውጣ። ልጁ ምን አደረገ?»

በሩ ሲከፈት ጮኸ። ሐምራዊውን ጨርቅ መፍታት አቃተው፤ ሐሙስ ማታ ራሱ ነበር ያጠበቀው። አልፎንሳ በጥርሷ ፈታችው። ገመዱ ወረደ፤ ኤቫሪስት በሁለት እጁ ያዘና ሙሉ ክብደቱን ጣለበት።

በስቅለት ቀትር ደወል ሲጮህ መንደሩ ምን እንደ ሆነ የሰማ ሁሉ አይረሳውም። መጥበሻ ከእሳት ላይ ተነሣ። ዛፏ ሥር የነበሩት ጎረምሶች ቢላቸውን ጣሉ። አሮጊቶች የዓለም ፍጻሜ መስሏቸው ያማትቡ ጀመር። ጀልባ ማረፊያው ላይ የቆሙት ወንዶች ወደ ላይ ዞሩ። ከዚያ የኦክታቭ የአጎት ልጅ የሆነ አንዱ ምራቁን ጠጠሩ ላይ ተፋና፣ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ አለ። የተቆጣው የለም፤ የተቃወመውም የለም። ሮዜት ብቻ ይህን ንግግር አልሰማችም። ውሃው ጉልበቷን እስኪነካ ገብታ፣ በስቅለት ቀን፣ እጇን አፏ ላይ እንደ ቀንድ አድርጋ የባሏን ስም ትጣራ ነበር።

ኤቫሪስት ሳያቋርጥ ደወለ። በልማዱ በጉም ቀን ጥቂት ይደውላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይደውላል፤ ያን ቀን ግን የጠዋቱን ስድስት ሰዓታት በአንድ ላይ ሊመልሳቸው የሚችል ይመስል አላርፍ አለ። መዳፉ ተላጠ። ገመዱ ቀላ። እጁ መጨበጥ ሲያቅተው አልፎንሳ ገፋ አደረገችውና ገመዱን ያዘች። ስልሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ናት፤ ግን ስትስብ ደወሉ ከእሱ ጊዜ ይልቅ ይጮህ ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ አያት። ለባሏ ያልተደወለውን ደወል ለልጁ ስትደውል ቆሞ አየ፤ ፊቷ ላይ ግን ለእሱ የሚሆን ምንም አልነበረም፣ ጥላቻም ይቅርታም። እየተፈራረቁ ስምንት ሰዓት እስኪሆን ደወሉ።

ከመቃብሩ በኩል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ የሚያወጣ ቀጭን መንገድ አለ፤ ከሰሜኑ ቋጥኞች ነው የሚነሣው። በዚያ መንገድ ነው ሂልሮይ የመጣው። ሸሚዝ የለውም፣ አንድ ጉልበቱ ተቦጭቆ ሥጋው ይታያል፤ በእጁ የመቃብር መስቀሎቹን እየያዘ ነበር የሚራመደው። የደወል ቤቱ በር ላይ ደርሶ ሁለቱን ሲያያቸው ቆመ። አልፎንሳ ገመዱን ለቀቀችው። ደወሉ ሁለት ጊዜ በራሱ አቃጭሎ ዝም አለ።

«እርስዎ ነበሩ?» አለ ሂልሮይ። «ፓ፣ እርስዎ ነበሩ የሚደውሉት?»

ኤቫሪስት ዠርቬስ ብሎ ጠየቀው። ሂልሮይ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ፤ ቁጭ አባባሉን አይተው ነገሩን አወቁት፤ ቢሆንም ተናገረ። ሞተሩ ሐሙስ ነው የሞተው። ሌሊቱን ሞገድ ሲወስዳቸው ሲመልሳቸው አድሮ፣ ሲነጋ የማዕበሉን ድምፅ እየሰሙ መቅዘፍ ጀመሩ። ጠዋቱን ሙሉ ቀዘፉ፤ ወዴት እንደሆነ ግን አያውቁም። ከዚያ ቀትር ላይ ደወል ሰሙ።

«ይኸው ደወላችን አልኩት። እሱ ሳቀ። 'ዛሬ እኮ ዓርብ ነው' አለኝ። 'ይሄ የሜቶዲስቶቹ ነው፤ እነሱ በስቅለት ስድስት ሰዓት ላይ ለጸሎት ይደውላሉ። ሆፕ ቤይ ፊት ነን ማለት ነው፤ የእኛ አፍ በስተሰሜን ነው' አለና አፍንጫዋን ወደ ሰሜን አዞራት። እኔ በጣም ረዘመ፣ ሜቶዲስቶቹ ይህን ያህል አይደውሉም አልኩት፣ ፓ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው አልኩት። 'አንተ አባቴን አታውቀውም' አለኝ። 'ብሞት እንኳ አይደውልም።' ተቆጥቶም አይደለም። እንደው እንደ ቀልድ ነው ያለው። ደወሉን ከኋላችን አድርገን ቀዘፍን። ከዚያ አለቱ ላይ ወጣን።»

የዠርቬን እጅ ይዞ እንደነበር ነገራቸው። ጭንቅላቱን አለቱ እንደ መታው፣ ከዚያ በኋላ ማዕበሉ እንደ ነጠቀው፣ ከዚያ በኋላም እጁን ብቻ አንድ ጊዜ እንዳየው ነገራቸው።

ኤቫሪስት ግድግዳውን አልለቀቀም። «ማለዳ ቢደወል ኖሮስ?» አለ።

«ማለዳ?» ሂልሮይ ጥያቄው አልገባውም። «ማለዳማ ሜቶዲስቶቹ አይደውሉም። ማለዳ ብንሰማማ የእኛ...» አለና፣ የሽማግሌውን ፊት አይቶ አቋረጠ።

ከታች ከባሕሩ ዳር ሮጦ የሚመጣ ሰው ኮቴ ተሰማ። ኤቫሪስት ወደ ሂልሮይ ጎንበስ አለ። አንድ ሐሳብ መጥቶለት ነበር፤ ሰው ሲሰምጥ ያገኘውን እንደሚይዝ ያዘው። ይህን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሂልሮይ ደወል የሚባል አልሰማንም ቢል፣ ጉሙ ድምፁን ዋጠው ቢል፣ ባሕር ነው የገደለው ይባላል፤ ባሕር ደግሞ ስንቱን ገድሏል።

«ሂልሮይ» አለው በሹክሹክታ፣ «ለሮዜት ስትነግራት...»

አልፎንሳ አየችው። ገመዱ አጠገብ እንደ ቆመች አየችው ብቻ። ኤቫሪስት አፉን ዘጋ። ከጎነበሰበት ቀና አለ፤ የተላጠ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገና፣ የልጁን ሬሳ እንኳ ገና ያላገኘው አባት ቁልፉን በሩ ላይ ትቶ ወደ ደረጃዎቹ ሄደ።

ሮዜት ዳገቱ መሐል ላይ አገኘችው። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሶ ነበር። ፊቷ ግን በርቶ ነበር፤ ያ ነው ከሁሉ የከፋው። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ በጉም ቀን ደወል የሚቆመው ጀልባው ሲገባ ነው።

«ገቡ አይደል?» አለችው፣ ትንፋሽ እያጠራት። «ደወሉ ቆመ እኮ። በየት በኩል ገቡ?»

በአሉታ ራሱን ነቀነቀ። ሂልሮይ በሰሜን በኩል ወጣ አላት። ስለ ሌላው እንዲነግራት አልጠበቀችም። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ ቆሞ አየ። እጁን ያዘችና መዳፉን ገልብጣ አየችው፣ ደሙንና የተላጠውን ቆዳ። ከታች ወንዶቹ ወደ ዳገቱ መውጣት ጀምረዋል፤ የኦክታቭ የአጎት ልጅም አብሯቸው አለ። የአባ ፖል መኪናም በድልድዩ ላይ እየተሻገረ ነበር።

«ቢያንስ ሰምቶታል?» አለችው ሮዜት። «ፓ፣ እንደ ደወሉለት ሰምቶ ነው የሄደው?»

«ሰምቶታል» አለ ኤቫሪስት። «የእኔ መሆኑን ግን አላመነም።»